አእምሮአቸው በዝግታ የሚያድግ ወጣቶችን ጤና ስለ መጠበቅ

በማናቸውም የገጠር ትምህርት ቤት፥ ወይም ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፥ ዕድሜው ከባልንጀሮቹ ጋራ ትክክል ሆኖ ሳለ የነገር አያያዙ እንደ ታናሽ ወንድሙ የሆነ ብላቴና ወይም ልጃገረድ አይታጣም። ሊቃውንት በብዙ አገር መርምረው እንደ ገመቱት ከመቶ ሰው አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ አምስት ሺህ ነፍስ በሚኖርበት ቀበሌ አምሳ ያህል ይሆናሉ ማለት ነው። መምህሩ ግን በክፍሉ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ቢያይ ነው፤ የቀሩት ከብት ሲጠብቁ ይውላሉ፥ ውሃ ይቀዳሉ፥ እንግዳ ሲመጣም ከጓዳ እንዲቈዩ ይደረጋሉ። ይህን ጽሑፍ ለመምህራንና ለሚያነቡ ሽማግሎች ያቀረብንበት ምክንያት የነዚህ ልጆች ጤና በቤትም በሕክምና ቦታም ሳይታይ የሚቀር ስለ ሆነ ነው። ይልቁንም ከ10 እስከ 19 ዓመት ባለው ዕድሜ፥ ልጁ ለእናቱ ጀርባ ከብዶ ገና ለራሱ መቆም በማይችልበት ጊዜ፥ የሚያስብለት ሰው እያነሰ ይሄዳል።

ይህ ሁኔታ በዛሬ አጠራር የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ይባላል። ይኸውም በልጅነት የሚጀምር፥ ነገርን ለማስተዋልና ለመማር፥ ደግሞም ልብስን እንደ መልበስ፥ ገንዘብን እንደ መቍጠር፥ ከሰው ጋራ እንደ መነጋገር ያለውን የዕለት ኑሮ ለብቻ ለመፈጸም የሚያስቸግር መዘግየት ነው። እብደት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚበዙቱ ችግራቸው ቀላል ስለ ሆነ በዝግታና በመደጋገም ቢያስተምሯቸው ማንበብ ሳይቀር ይማራሉ፤ ዘወትር የሌላውን ሰው እጅ የሚሹት ጥቂቶቹ ናቸው። በየመንደሩ ጅል፥ ፈዛዛ፥ ዘገምተኛ እየተባሉ ይጠራሉ። ብዙ ነገር የማይገባው ልጅ እንኳ መናቁ ይገባዋልና መምህሩ በክፍሉ ውስጥ ልጁ በተጠመቀበት ወይም አባቱ ባወጣለት ስም ብቻ እንዲጠራ ማዘዝ ይገባዋል።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ምጥ በዝቶ ሕፃኑ ታፍኖ ሲወለድ፥ የማጅራት ገትር ወይም የወባ ትኵሳት አንጎልን ሲነካ፥ እናቲቱ በእርግዝናዋ ወራት አዮዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ስታጣ የልጁ አእምሮ ሊጐዳ ይችላል። ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ግን ከጽንስ ይጀምራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 ሁኔታውን ጽፎ ገለጠ፤ በ1959 ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሮም ለዠን ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ በሰው ሕዋስ ውስጥ ካሉት ክሮሞሶሞች 21ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሆኖ መገኘቱ ምክንያት እንደ ሆነ አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ስለዚህ እናቲቱ በደል ስለ ሠራች ወይም ርግማን ስለ ደረሰባት የሆነ ነገር የለም። ይህንንም ለእናቲቱ በግልጥ መንገር የሽማግሎች ሥራ ነው፤ ከመምህሩ ይልቅ እነርሱን ታምናለችና። ስለ አዮዲን በአገራችን ለምግብ በሚሆነው ጨው ሁሉ እንዲጨመር በ2011 ደንብ ወጥቷል። ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ አድርጎ ከእርጥበትና ከፀሐይ መጠበቅ፥ ወጡም ሊወጣ ሲል መጨመር ይገባል። ይህ ግን ገና ለሚወለዱት ይጠቅማል እንጂ የተጐዳውን አይመልስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አእምሮው በዝግታ የሚያድግ ሰው ከሌላው ይልቅ ብዙ በሽታ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ከሌላው ይልቅ በጥቂቱ ይታከማል። ሐኪምና ሆስፒታል በማይታጣበት በእንግሊዝ አገር እንኳ በ2013 የወጣ ምርመራ እንዳሳየው፥ እንዲህ ያሉት ወንዶች ከሌሎች ወንዶች 13 ዓመት፥ ሴቶቹም ከሌሎች ሴቶች 20 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞቱ ነበር። ከሞቱትም ብዙዎቹን የወሰዳቸው በጊዜ ቢታወቅ ሊታከም የሚችል በሽታ ነው። ለምን አልታወቀም ቢሉ፥ ልጁ «እዚህ ላይ አመመኝ» ብሎ ቦታውን ለይቶ መናገር ስለማይችል፥ የሚያየውም ሰው፥ ሐኪም ቢሆን ዘመድ፥ ያየውን ነገር ሁሉ «ይህ እኮ ጠባዩ ነው» ብሎ በአእምሮው ላይ ስለሚያሳብብ ነው።

ለምሳሌ አንድ የ14 ዓመት ብላቴና ከሁለት ሳምንት ወዲህ ራሱን ከግድግዳ ጋራ ይመታል፥ እህል አይቀምስም፥ ሌሊት ይጮኻል እንበል። እናቱ «ባሰበት» ትላለች፤ ጎረቤት ጋኔን ነው ይላል፤ አባቱም ራሱን እንዳይጐዳ ብሎ በጠፍር ከምሰሶ ጋራ ያስረዋል። አፉን ከፍቶ ያየ ሰው ቢኖር ግን የበሰበሰ መንጋጋ ከሥሩ መግል ቋጥሮ ባገኘ ነበር። ጥርሱ ባይሆን ጆሮው፥ ጆሮው ባይሆን የደረቀ ሆዱ፥ ወይም በተረከዙ የቀረ እሾህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ልጅ ሁሉ አስቀድሞ እንደ ታመመ ይቈጠር። መብላት መተው፥ እንቅልፍ ማጣት፥ ጆሮን መጐተት፥ ቀድሞ የማያደርገው ሆኖ ሳለ ልብስን ማርጠብ፥ ጨዋታ ወዳድ የነበረው ዝም ማለት፥ እነዚህ ሁሉ የእርሱ ንግግር ናቸው። እናቲቱ ከሁሉ ይልቅ ትለየዋለች፤ ሐኪሙም «ከወትሮው ምን ተለወጠ?» ብሎ እርስዋን ሳይጠይቅ መድኃኒት መጻፍ አይገባውም። ስለ ማሰርም የምንለው አለ። ጠፍሩ ቆዳውን ልጦ ሌላ ቍስል ያመጣል፤ ሕመሙን ግን አያስታግሥም፤ የታሰረም ልጅ እሳት ቢነሣ መሸሽ አይችልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮና ዓይን ይመርመሩ። እንዲህ ባሉት ወጣቶች የጆሮና የዓይን ድካም ከሌላው ሰው አብልጦ ይገኛል፤ ዳውን ሲንድሮም ካላቸው ከግማሽ የሚበልጡት በጥቂቱም በብዙም መስማት ይቸግራቸዋል። ያልሰማ ልጅ ያልታዘዘ ይመስላል፤ ያላየውም ያልተረዳ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም በዚህ ምክንያት ተመትቷል። ከጆሮው የሚሸት ፈሳሽ የሚወጣ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ እንጂ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ አይጨመርበት። በኵክ የተዘጋ ጆሮ ደግሞ በባለሙያ እጅ ቢጠረግ ልጁ በዚያው ቀን ሲሰማ ታያላችሁ።

መምህሩ ራሱ ሊያደርገው የሚችል ፈተና አለ። ለጆሮ፥ በልጁ ኋላ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ፥ አንዱን ጆሮ በእጅ አስይዞ፥ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ስም በሹክሹክታ ይናገር፤ ልጁም ስሙን መድገም ባይችል በፊቱ ከተቀመጡት ዕቃዎች የተጠራውን ያንሣ። ለዓይን ደግሞ ፊደል የማያውቅ ሰው የሚፈተንበት፥ ሦስት ጥርስ ያለው መንሽ የመሰለ ምልክት አለ። ቁመቱና ወርዱ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል፥ ጥርሶቹና በመካከላቸው ያለው ባዶ ስፍራ እያንዳንዳቸው 3 ሚሊ ሜትር ተኩል አድርጎ በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም መሣል ነው። ልጁ 6 ሜትር ርቆ ይቁም፤ ወረቀቱን ወደ ላይ፥ ወደ ታች፥ ወደ ቀኝ፥ ወደ ግራ እያዞሩ ጥርሶቹ ወዴት እንደ ዞሩ በእጁ ያሳይ። አስቀድሞ በቅርብ ሆኖ ጨዋታውን ይልመድ፤ አለዚያ የምንፈትነው ዓይኑን መሆኑ ቀርቶ ትእዛዙን መረዳቱን ይሆናል። በአንዱ ዓይን እንኳ ያልቻለ ወደ ሐኪም ይላክ። ትራኮማ በበዛበት አውራጃ ፊትን ዘወትር መታጠብ ለነዚህ ልጆች ልዩ ትምህርት ይሻል፤ ሌላው ልጅ አይቶ የሚለምደውን እነርሱ እጃቸው ተይዞ መማር አለባቸውና።

ስለ ጥርስ፥ በመፋቂያ ጧትና ማታ ማስፋቅ ይበቃል፤ ራሱ ባይችል ታላቁ ይፋቅለት። ሲበላ የሚታነቅ ልጅ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፥ በወጥ የራሰ ፍትፍት በትንሽ በትንሹ ይጉረስ፤ ተኝቶ አይመገብ። ውሃም በብዛት ይጠጣ፤ የሆድ ድርቀት በነርሱ ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው።

ዳውን ሲንድሮም ስላላቸው አንድ ነገር እንጨምር። በአንገት ያለው ታይሮይድ የሚባለው ዕጢ በብዙዎቹ ላይ ይደክማል። ያን ጊዜ ልጁ ይፈዛል፥ ብርድ ይበዛበታል፥ ይወፍራል፥ ሆዱ ይደርቃል። ሰው ግን «ሰነፈ» ይለዋል። በሆስፒታል ደሙን መርምሮ የሚጐድለውን በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን መተካት ይቻላል። ከነርሱም ግማሽ ያህሉ ከልብ ሕመም ጋራ ይወለዳሉ፤ ትንሽ ሮጦ ከንፈሩ የሚጠቍር ወይም ትንፋሹ የሚቈረጥ ልጅ ሳይመረመር ወደ ሩጫ ጨዋታ አይግባ።

የሚጥል በሽታ ከነዚህ ወጣቶች ከአምስት አንዱን ያህል ያገኛል፤ አብዝቶ መናገር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው፤ በመንደር የሚደረገው አብዛኛው ነገር ጐጂ ሆኖ ስላየነው። ልጁ ሲወድቅ ሰዉ ለሀጩ እንዳይነካው ፈርቶ ይሸሻል፤ በሽታው ግን በለሀጭ አይጋባም። ሌሎች ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል፥ በጥርሱ መካከል ብረት ወይም እንጨት ያስገባሉ፥ ውሃ ያፈሱበታል። ይህ ሁሉ ይቅር። የሚደረገው እንዲህ ነው። እሳትና ድንጋይ ከአጠገቡ ይራቅ፤ ከራሱ በታች የታጠፈ ነጠላ ይደረግ፤ አንገቱን ያጠበቀው ልብስ ይላላ፤ እጅና እግሩን በግድ አይያዙት፤ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ በጐኑ ያስተኙትና እስኪነቃ ድረስ አንድ ሰው ይቀመጥ። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ቢያልፍ ወይም ሳይነቃ ዳግመኛ ቢጀምረው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። መምህር ሆይ፥ ሰዓትህን ተመልከት፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዱ ደቂቃ ዐሥር ይመስላልና ሐኪሙን የሚረዳው በሰዓት የተቈጠረው ነው።

በቤት ውስጥ ትልቁ ጠላት እሳት ነው። በምድጃ ላይ ወድቀው ፊታቸው ወይም እጃቸው የተቃጠለ ብዙ ናቸው። ምድጃው በጭቃ ከፍ ተደርጎ ቢሠራ ወይም ቢታጠር፥ ልጁም ለብቻው ወደ ወንዝ ባይላክና ዛፍ ላይ ባይወጣ ከበሽታው ይልቅ የሚያጐድለው አደጋ ይቀራል። መድኃኒትም አለው። ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽና በብዙ ስፍራ የሚገኝ ነው፤ ዳሩ ግን አእምሮአቸው በዝግታ የሚያድግ ልጆችን አንዳንድ ጊዜ ያስተኛቸዋል ወይም ጠባያቸውን ያውካል። መምህሩ ይህን ቢያይ ለሐኪሙ ጽፎ ይላክ፤ ሐኪሙ በሌላ ይለውጠዋል። ፌኒቶይን የሚባለው ደግሞ ድድን ያሳብጣል፤ ስለዚህ የጥርስ ጽዳት ይበርታ። ከሁሉ የሚከፋው መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ በሽታው ያለ ማቋረጥ ይነሣና ሊገድል ይችላል። ወደ ጠበል የሚሄድ ይሂድ፥ ይጠመቅ፤ ኪኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ካህናት ይህችን አንዲት ቃል ከዐውደ ምሕረት ቢናገሩ ከእኛ መጽሔት ይልቅ ብዙ ነፍስ ታድናለች።

አካል ግን አእምሮን አይጠብቅም። ልጃገረዲቱ የሰባት ዓመት ሕፃን ያህል ብታስብም የወር አበባዋ በጊዜው ይመጣል። አስቀድሞ ያልተነገራት ደም ስታይ የምትሞት ይመስላታል። ስለዚህ ጡቷ መታየት ሲጀምር እናቷ ወይም እኅቷ ጨርቁን በእጅዋ አስይዛ፥ በአንድ ስፍራ፥ በአንድ ዓይነት ተራ፥ ደጋግማ ታለማምዳት። ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ ከአልጋ ሥር ተሸሽጎ የረጠበ ጨርቅ ሕመም ያመጣል። ወንዱም ልጅ ሌሊት የሚመጣበት ነገር በሽታ እንዳልሆነ፥ በሰው ፊት የሚደረግና የማይደረግ ነገርም እንዳለ በአባቱ ወይም በአጎቱ ቃል፥ ያለ ቍጣ ይማር።

በዚህ ስፍራ ለሽማግሎች የምንናገረው ከባድ ነገር አለ። እንዲህ ያሉትን ልጃገረዶች፥ ወንዶችንም ጭምር፥ ክፉ ሰዎች ለመድፈር ይመርጧቸዋል፤ አይናገሩም፥ ቢናገሩም አይታመኑም ብለው ያስባሉና። ብዙ ጊዜም ደፋሪው ሩቅ ሰው አይደለም፤ ቤት የሚያውቀው ነው። ልጆቹ የሰውነታቸውን ክፍል በትክክለኛ ስሙ እንዲጠሩ፥ ማን ሊነካቸው እንደሚገባና እንደማይገባ፥ «እምቢ» ብለው መጮኽን፥ ለማን መንገርን እንዲማሩ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ እንዲታዘዝ ብቻ የተማረ ልጅ ለክፉም ሰው ይታዘዛል፤ ይህን መምህራን አጥብቃችሁ አስቡት። ነገሩ ከደረሰ ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ትድረስ፤ ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚከለክለው መድኃኒት የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከቶም ቶሎ ቢሆን ይሻላል። ፅንስን የሚከለክለውም እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። ሳይመረመሩ ልብሷን አያጥቡ፥ ገላዋንም አያጥቧት።

ነገሩን በሽምግልና፥ በካሣ ከብት፥ ወይም ልጅቱን ለደፋሪው በማጋባት መጨረስ በአንዳንድ ስፍራ እንደ እርቅ ይቈጠራል። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕጋችን ግን ራሱን መከላከል በማይችል ሰው ላይ የሚደረገውን እንዲህ ያለ ግፍ በጽኑ እስራት ይቀጣል። ሽማግሌ የሁለት ወገን ቃል ሰምቶ ያስታርቃል፤ ቃሏን መናገር ያልቻለች ልጅ ባለችበት ነገር ግን አንዱ ወገን አልቀረበምና እርቅ ሊባል አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣባችሁ ሥራችሁ ለፖሊስ ማስታወቅና ቤተ ሰቡን ከበቀል መጠበቅ ነው።

ስለ ክትባት ባጭሩ እንናገር። በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ አገልግሎት ወደ መንደር ቀርቧል፤ ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚሰጠው ከትምህርት ቤት ለቀረው አይደርስም። በ2015 በትምህርት ቤቶች በሰፊው የተጀመረው የሆድ ትላትል መድኃኒት፥ በ2018 ለልጃገረዶች የተጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት እንዲህ ናቸው። ስለዚህ ክትባቱ ሊመጣ ሲል መምህሩ በቤት የቀሩትን ልጆች ስም ከሽማግሎች ጠይቆ በዝርዝሩ ውስጥ ይጻፋቸው። «ለእርስዋ ምን ያደርግላታል» የሚል ቢኖር፥ በ2006 የጸደቀውንና አገራችን በ2010 የተቀበለችውን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ያንብቡለት፤ 25ኛው አንቀጽ እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌላው ጋራ እኩል የሆነ ሕክምና እንዲያገኙ ያዛል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ሊያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ደብተር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያሉት ወጣቶች ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉ የጤና ምርመራ እንዲደረግላቸው ተሠርቷል። በአውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ደግሞ ሊቃውንት ወጣቱ፥ ቤተ ሰቡና መምህሩ አብረው የሚጽፉበት፥ ወደ ሐኪም ሲሄድ የሚይዘው የጤና ደብተር አዘጋጁ። እኛም የታተመ ደብተር እስኪመጣ ሳንጠብቅ ባንድ ተራ ደብተር ልንጀምረው እንችላለን። በመጀመሪያው ገጽ ልጁ እሺታውንና እምቢታውን በምን እንደሚያስታውቅ፥ ሲያመው ምን እንደሚያደርግ፥ ምን እንደሚፈራ ይጻፍ፤ የማያውቀው ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህን ነው። ቀጥሎ የሚውጠው መድኃኒት ከነመጠኑ፥ የተከተበው፥ በየመንፈቁ የተመዘነ ክብደቱ፥ የዓይኑና የጆሮው ፈተና፥ የጥርሱ ሁኔታ፥ የወደቀበት ቀንና የቈየበት ደቂቃ፥ ለልጃገረድም የወር አበባዋ ቀን ይጻፍ። ደብተሩ ለመምህራን ጨዋታ የሚነበብ አይደለም፤ በቍልፍ ይቀመጥ።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ወረፋ ሳይበዛ በማለዳ ይሂዱ። አስቀድሞ አንድ ቀን ቤቱንና ነጭ ልብስ የለበሰውን ሰው አይቶ ቢመለስ መልካም ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ልጁን በስሙ ጠርቶ ያናግረው፥ መሣሪያውንም በእጁ ያስነካው፤ ከዚያ በኋላ እናቱን ይጠይቅ። ብዙ ሐኪሞች በልጁ ራስ ላይ አልፈው ከእናቱ ጋራ ብቻ ይነጋገራሉ፤ ልጁም ሊመረመር ሲሉት የሚታገለው አንዳንድ ጊዜ ስለዚህ ብቻ ነው።

መምህር ከስፍራው ሲዛወር ደብተሩን ለተተኪው በፊርማ ያስረክብ። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደብተሩ ለቤተ ሰቡ ይሰጥ፤ ወላጆቹ ያረጁ ከሆነ እነርሱ ሲያልፉ ልጁን ማን እንደሚይዝ ሽማግሎች በሕይወታቸው ሳሉ ይጠይቋቸው፥ የተስማማውም ሰው ስም በመጨረሻው ገጽ ይጻፍ፤ ግልባጩም በጤና ኬላው ይቀመጥ።